ላቫጆው ሥር ያለው ጉድጓድ፦ የዘይትና ውኃ መለያ እንዴት ይሠራል፣ ለምንስ ይከሽፋል

ከሳሪስ ወጥቶ ቃሊቲን፣ አቃቂንና ገላንን እያቋረጠ ወደ ዱከም በሚዘልቀው መንገድ ግራና ቀኝ የከባድ መኪና ጋራዡ፣ ላቫጆው፣ ማደያውና የማሽነሪ ግቢው ተደርድሯል። ብዙዎቹ ከመሬት በታች የተቀበረ፣ በተለምዶ ሴፓሬተር የሚባል ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓድ አላቸው። ክዳኑ ሲነሳ ከሚታዩት ሁለት ነገሮች አንዱ የተለመደ ነው፦ ወይ ጉድጓዱ እስከ አፉ በጭቃ ሞልቷል፣ ወይ ደግሞ ውኃው ላይ ዘይት የሚባል የለም። ሁለተኛውን አይቶ «ንጹሕ ነው» የሚል አለ። የጋራዥ ውኃ እየገባበት ዘይት ያልያዘ መለያ ግን ዘይቱን በመውጫው ሸኝቶታል ማለት ነው።

ታንኩ በራሱ የሚሠራው ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ውኃውን አቆይቶ ይጠብቃል፤ ዘይቱ የሚለየው በራሱ ጊዜ ነው። ስለዚህ መለያው መሥራት አለመሥራቱ የሚወሰነው ጉድጓዱ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በዝናቡ፣ በጭቃው፣ በሳሙናውና በፓምፑ።

አንድ ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ሲመዝን አንድ ሊትር ናፍጣ ከ820 እስከ 850 ግራም፣ የሞተር ዘይት ደግሞ ከ870 እስከ 900 ግራም አካባቢ ይመዝናል። ጠብታውን ወደ ላይ የሚገፋው ይህ ልዩነት ነው። ፍጥነቱን ከምንም በላይ የሚወስነው ግን የጠብታው መጠን ነው። በስቶክስ ሕግ መሠረት ፍጥነቱ የሚለዋወጠው በጠብታው ስፋት ካሬ ልክ ነው፤ ጠብታው በግማሽ ካነሰ ፍጥነቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። እፍጋቱ 0.85 የሆነ (አንድ ሊትሩ 850 ግራም የሚመዝን) ዘይት በ20 ዲግሪ ውኃ ውስጥ 150 ማይክሮን ስፋት ካለው (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) በሰከንድ 1.8 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ አንድ ሜትር ለመውጣት 9 ደቂቃ ይበቃዋል። 60 ማይክሮን ከሆነ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። 20 ማይክሮን ከሆነ ከ8 ሰዓት በላይ ነው፤ እስከዚያ ውኃው የት ደርሷል? ውኃው ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የ150 ማይክሮኑ ፍጥነት እንኳ ወደ 1.6 ይወርዳል።

ከዚህ ተነስተን አንድ የተለመደ ስሕተት እንይ። «ውኃው ብዙ እንዲቆይ ጉድጓዱን አጥልቁት» ይባላል። መቆፈሪያ ገንዘብ ማባከን ነው። በሰከንድ 4 ሊትር የሚፈስበት፣ 3 ሜትር ርዝመትና 1.20 ሜትር ወርድ ያለው መለያ ክፍል እንውሰድ። የውኃው ገጽ ስፋት 3.6 ካሬ ሜትር ነው። 4 ሊትሩ ለ3.6 ሲካፈል በሰከንድ 1.1 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ከዚህ ፈጥኖ የሚወጣ ጠብታ ይያዛል፣ ከዚህ የሚዘገየው ከውኃው ጋር የመውጣት ዕድል አለው። በስሌቱ ውስጥ ጥልቀት የሚባል የለም። ሁለት እጥፍ ብታጠልቁት ውኃው ሁለት እጥፍ ይቆያል፣ ጠብታውም ሁለት እጥፍ መንገድ ይጓዛል፤ ትርፉ ዜሮ። የሚጠቅመው የገጹ ስፋት ነው። ጥልቀት ያስፈለገው ታች ደለል፣ ላይ ዘይት የሚጠራቀምበት ቦታ እንዲኖርና ወራጁ እነዚህን እንዳያናውጥ ነው፤ ለዚህ ከ1.20 እስከ 1.50 ሜትር የውኃ ጥልቀት ይበቃል።

የፕላስቲክ ሳህኖች ያሉት መለያም የሚሠራው በዚሁ ሒሳብ ነው። ከ45 እስከ 60 ዲግሪ የተጋደሙ ፖሊፕሮፒሊን ሳህኖች በ12 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተደርድረው ከሆነ ጠብታው ሜትር መውጣት አይጠበቅበትም። በ45 ዲግሪ ከተጋደሙ 17 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ የበላዩን ሳህን ሆድ ይነካል፣ እዚያ ከሌላው ጠብታ ጋር ይዋሐዳል፣ ትልቅ ሆኖ በሳህኑ ሥር እየተንሸራተተ ይወጣል። አንድ ሰዓት ይፈልግ የነበረው የ60 ማይክሮን ጠብታ በአንድ ደቂቃ ይያዛል። ታንኩ ትንሽ ሆኖ ብዙ የሚሠራው ለዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ ጭቃ አለመውደዱ ነው፤ በፊቱ በቂ የደለል ክፍል ከሌለው ከመጀመሪያው ክረምት በኋላ በሳህኖቹ መሐል ያለው ክፍተት ተደፍኖ ታገኙታላችሁ።

ከግሬቲንግ እስከ ናሙና መቅጃ

ውኃው ከመታጠቢያው ወለል በግሬቲንግ ገብቶ መጀመሪያ የሚያገኘው የደለል ክፍሉን ነው። መግቢያው ላይ ወደ ታች የሚመራ ጎሚቶ (የታጠፈ መገጣጠሚያ) ወይም ቲ (ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ) መኖር አለበት፤ አለዚያ ውኃው እንደ ቧንቧ ተወርውሮ ያረፈውን ሁሉ ይበጠብጠዋል። ከደለል ክፍሉ ወደ መለያው ክፍል፣ ከዚያም ወደ መውጫው የሚያሻግረው ቱቦ አፉ ከውኃው ገጽ በታች መጥለቅ አለበት፤ ዘይቱ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ንጹሑ ውኃ ከሥር ይሄዳል። አፉ ከወለሉ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ደለሉን አይመጥም። የመውጫው ቱቦ ከመግቢያው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል።

የአካባቢያችን ግንበኛ አዘውትሮ የሚስተው የመውጫውን ቲ የላይኛ አፍ ነው። ይህ አፍ ክፍት የሚተወው አየር እንዲያገኝና ቱቦው ሲደፈን ዘንግ እንዲገባበት ነው። ከውኃው ገጽ እኩል ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ግን ዘይቱ ሲወፍር በዚያው አፍ ገልብጦ ይወጣል። ዘይት ቀላል ስለሆነ ከውኃው ከፍ ብሎ ይቆማል፦ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዘይት ገጹ ከውኃው ደረጃ 4.5 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ጎርፍ ሲጨመር ደግሞ ደረጃው ሁሉ ይነሳል። ስለዚህ የቲውን አፍ ከውኃው ገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝሙት። ቁራጭ ቱቦ የምታህል ነገር ናት ሙሉውን ሥራ የምታፈርሰው።

በፋብሪካ የተሠሩት ላይ መውጫው አውቶማቲክ መዝጊያ አለው። ተንሳፋፊው በውኃ ላይ እንዲንሳፈፍ፣ በዘይት ውስጥ ግን እንዲሰምጥ ተመዝኖ የተሠራ ነው፤ የዘይቱ ንብርብር እየወፈረ ሲሄድ አብሮ ይወርድና መውጫውን ይዘጋል። ላዩ ላይ የተመዘነበት የዘይት እፍጋት፣ 0.85፣ 0.90 ወይም 0.95 ተብሎ ተጽፎበታል፤ ለናፍጣ የተመዘነውን የማርሽ ዘይት ለሚበዛበት ግቢ አትግዙ። አንድ ፌስታል ወይም አንድ ጨርቅ ከሥሩ ከገባ ደግሞ መዝጊያ መሆኑ ቀረ።

መዝጊያው ሲዘጋ ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ መመለስም አለበት፤ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሠራተኛው እንዲያየው። ይህ እንዲሆን የማንሆሎቹ ክዳን ከመታጠቢያው ግሬቲንግ ከፍ ማለት አለበት። ክዳኑ ዝቅ ካለ ዘይቱ በክዳኑ ዙሪያ ወጥቶ ግቢውን ያለብሳል፣ ከዚያ ወደ መንገዱ ቦይ፣ ከዚያ ወደ አቃቂ ወንዝ። ትልቁም ትንሹም አቃቂ መጨረሻቸው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነው። (ክዳኑን ከብረት ባታደርጉት ይመረጣል። ቁራሌው ጋ የሚያወጣው ዋጋ ስላለው አንድ ሌሊት ጠፍቶ ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ማደሩ የታወቀ ነገር ነው። አርማታ ወይም ፋይበር ይሁን።)

መጨረሻ ላይ ናሙና መቅጃ ትንሽ ማንሆል ይኖራል። ብዙዎች ይዘሉታል፤ ያለ እሱ ግን የሚወጣውን ውኃ ማንም ማየት አይችልም፣ ተቆጣጣሪ ሲመጣም የሚያሳዩት የለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መበከልን ይከለክላል፤ አለመበከላችሁን የሚያሳየው ከዚህ ማንሆል የሚቀዳ ጠርሙስ ነው። የሽንት ቤት ፍሳሽ በምንም መንገድ ወደዚህ መሥመር አይቀላቀልም።

ልኩን የሚወስነው ዝናቡ ነው

የአውሮፓው ኢኤን 858 ደረጃ የመለያውን ልክ በሰከንድ ሊትር ይሰይመዋል። ለአንድ የከባድ መኪና ላቫጆ እንሥራው። የመጀመሪያው ባለ ግፊት ማጠቢያ ማሽን 2 ሊትር፣ ሁለተኛው 1 ሊትር፣ አንድ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ 1 ሊትር፤ ድምሩ 4። ማሽኑ በእውነት የሚረጨው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ደረጃው ከፍ የሚያደርገው ሆን ብሎ ነው። ለመታጠቢያ ውኃ በ2 ይባዛል፤ ልኩ 8 ይሆናል። ለከባድ መኪናና ለማሽነሪ የደለል ክፍሉ ልኩ በ300 ተባዝቶ 2,400 ሊትር ነው። የዘይት ማጠራቀሚያው አውቶማቲክ መዝጊያ ካለው ቢያንስ 10 እጥፍ፣ ማለትም 80 ሊትር ነው። ደለሉን በተመለከተ፣ ከግንባታ ቦታ መረሬ ጭቃ ተሸክሞ የሚመጣ ሲኖትራክና ሎደር የምታጥቡ ከሆነ 2,400ው ዝቅተኛው ልክ እንጂ በቂ ነው ብላችሁ አትያዙት፤ እጥፍ አድርጉት።

አሁን ግቢው 1,000 ካሬ ሜትር ክፍት ሆኖ የዝናቡ ውኃ ወደዚሁ ጉድጓድ እንዲገባ ተደርጓል እንበል። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ለጥቂት ደቂቃ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ጥንካሬ መድረሱ ብርቅ አይደለም። ያ በ1,000 ካሬ ላይ በሰዓት 60,000 ሊትር፣ በሰከንድ 16.7 ሊትር ነው። ለ8 የተሠራው መለያ 25 ይፈለግበታል ማለት ነው። አይችልም፤ ባለመቻሉም ዝም ብሎ አያልፍም፤ ወሩን ሙሉ ያጠራቀመውን ዘይትና ደለል በአንድ ከሰዓት ጠርጎ ያወጣዋል።

ስለዚህ ከታንኩ በፊት ቆርቆሮ ግዙ። የመታጠቢያውን ወለል ክደኑት፣ የጣሪያውን ውኃ በአሸንዳ ለብቻው ወደ ዝናብ ቦይ ውሰዱት፣ በወለሉ ዙሪያ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ አድርጋችሁ የግቢውን ጎርፍ አግዱ፣ ወለሉ ከ1 እስከ 2 በመቶ ወደ ግሬቲንጉ ያዘንብል። ጎርፍ ሲበዛ ትርፉን በጎን የሚያሳልፍ መለያም በገበያ አለ፤ ለሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይሆን ይሆናል፣ ለላቫጆና ለነዳጅ መቅጃ ግን አይሆንም።

ሳሙናና ፓምፕ

ሳሙና የተሠራው ዘይትን ከውኃ ጋር ለማስታረቅ ነው። ኦሞና ላርጎ በብዛት የገባበት ውኃ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ጥቃቅን ጠብታ ተሰባብሮ ከ20 ማይክሮን በታች ይወርዳል። በጉድጓድ የሚለይ ነገር አይደለም። የፈላ ውኃና ከፍተኛ ግፊት አንድ ላይ ሲሆኑም ያው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ወደ መለያው ከሚገባው ውኃ ቅዱና ጥላ ሥር አቁሙት፣ አትነቅንቁት። ከ30 ደቂቃ በኋላ ላዩ ላይ ቡናማ ቀለበት ሠርቶ ሥሩ ከጠራ መለያችሁ ሊሠራው የሚችል ውኃ ነው። አሁንም ወተት የተቀላቀለበት መስሎ ከደፈረሰ ታንክ በመቀየር የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ማጠቢያ ፈሳሹን መቀየር ነው ያለባችሁ። ዘይቱን ቶሎ የሚለቅ የማሽነሪ ማጽጃ አለ፤ እሱም ልኩ ካለፈ ከኦሞ አይሻልም። የሚፈርሰውን የሞተር ክፍል በናፍጣና በብሩሽ ለብቻው ትሪ ላይ እጠቡና ያንን ናፍጣ በበርሜል ያዙ።

በሚወጣው ውኃ ውስጥ የሚቀረው ዘይት «5 ሚሊ ግራም በሊትር» ነው የሚለውን የሻጭ ወረቀትም በዚህ ዓይን አንብቡት። ያ ቁጥር የወጣው እፍጋቱ 0.85 በሆነ ዘይት፣ ያለ ሳሙና፣ በቤተ ሙከራ ነው። ሳህን የሌለው ተራ መለያ የሚመደበው በ100 ሚሊ ግራም ነው።

ፓምፕም እንደዚሁ ነው። ቦታው ዝቅ ብሎ ውኃው መገፋት ካለበት ፓምፑ ከመለያው በኋላ ይቀመጥ። በፊት ከሆነ የሚሽከረከረው ምላስ ዘይቱን እንደ ሊጥ ማቡኪያ ከውኃው ጋር ይለውሰዋል።

የተቃጠለ ዘይት ወደ ግሬቲንጉ መድፋት የሚባለውማ ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ከአንድ ከባድ መኪና ከ20 ሊትር በላይ የሞተር ዘይት ይወጣል፤ የ80 ሊትሩ ማጠራቀሚያ በአራት መኪና ሞላ።

መሬቱ

አቃቂ፣ ገላንና ዱከም ላይ የሚቆፈረው አብዛኛውን ጊዜ መረሬ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ያገኘውን ግንብም አብሮ ይሰነጥቃል። በብሎኬት ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነ ጉድጓድ እዚህ አፈር ላይ አያስተማምንም። አርማታ ይሁን፤ በዙሪያው ያለው መረሬ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፣ የወለሉና የግድግዳው መጋጠሚያ የውኃ ማገጃ ይኑረው፣ ውስጡ ዘይት በሚችል ኢፖክሲ ይቀባ፣ ቱቦው ግድግዳውን የሚያልፍበት ቦታ ላይ የሚተጣጠፍ መገጣጠሚያ ይደረግ። አፈር ከመመለሱ በፊት እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ አንድ ቀን ግድግዳው ውኃ እንዲጠጣ ትታችሁ፣ ደረጃውን ምልክት አድርጉና በማግሥቱ እዩት። ከወረደ ይፈሳል። የአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ስለሆነ ይህን ፈተና መዝለል የግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የፋይበር ወይም የፕላስቲክ ታንክ ለምትቀብሩ ሌላ አደጋ አለ። የከርሰ ምድር ውኃው ሩቅ ቢሆንም መረሬ ውኃ ስለማያሳልፍ፣ በገረጋንቲ የተሞላው ጉድጓድ ክረምት ላይ ራሱ ገንዳ ይሆናል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ባዶ ታንክ በውኃ ከተከበበ በ10 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። ውኃ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ደግሞ ይዞ የሚያስቀረው 1.4 ቶን ያህል ብቻ ነው፤ የአፈሩንና የታንኩን ክብደት ሳንቆጥር 7 ሜትር ኩብ ይፈለጋል። ታንኩን ከሥሩ ካለው አርማታ ጋር በቀበቶ እሰሩት፤ ክረምት መሐል ደግሞ ሙሉ በሙሉ አታስመጥጡት።

ማስጀመር፣ መለካት፣ ማስመጠጥ

መለያው ሥራ የሚጀምረው በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ ነው። ከተመጠጠ በኋላም እንዲሁ። የፍሳሽ መጣጩ ቦቴ ባዶውን ትቶት ሲሄድ፣ በሚቀጥለው ሰዓት የሚገባው ዘይት የጠለቀውን የመውጫ አፍ ክፍት ያገኘዋል፤ በላዩ ውኃ ስለሌለ በቀጥታ ይወጣል። ተንሳፋፊ ያለው ከሆነ ደግሞ ተንሳፋፊው ወርዶ እንደተዘጋ ይቀራል። የቦቴው ሹፌር ክፍያውን ከመቀበሉ በፊት ውኃ ሙሉበት፣ ተንሳፋፊው መነሳቱን በዓይናችሁ እዩ። የሚያመልጥ መለያ ሲገጥመን መጀመሪያ የምንጠይቀው «መቼ ተመጠጠ? ውኃስ ተመለሰበት?» ብለን ነው።

ለመለካት የማደያ ሰዎች የታንካቸውን ውኃ የሚያውቁበት፣ ውኃ ሲነካው ቀለሙ የሚቀየር ቅባት ይበቃል። ዘንግ ላይ ቀቡት፣ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት፣ አውጡት። ዘይቱ ያረጠበው ከላይ የሚጀምርበትና ቅባቱ ቀለም የቀየረበት ቦታ መሐል ያለው ርቀት የዘይቱ ውፍረት ነው። ለደለሉ ዘንጉ ጫፍ ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ክብ ቆርቆሮ እሰሩ፤ ሲወርድ የሚቆምበት የደለሉ ገጽ ነው። ደለሉ የክፍሉን ግማሽ ወይም ዘይቱ የማጠራቀሚያውን 80 በመቶ ሲይዝ ይመጠጣል። ደረጃው በ6 ወር አንዴ ሙሉ ምርመራ ይላል፤ ለዚህ አካባቢ ላቫጆ በክረምት በየሁለት ሳምንቱ፣ በበጋ በየወሩ ዘንግ ማውረድ ይበጃል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ደለሉን አስወጡ። በ5 ዓመት አንዴ ታንኩ ባዶ ሆኖ ስንጥቁና ቅቡ ይታያል። ሳህኖቹና ማጣሪያው የሚታጠቡት ራሱ መታጠቢያው ወለል ላይ ነው፤ እጣቢው ተመልሶ ወደ ደለል ክፍሉ ይገባል። ቦይ ዳር ያጠባችኋቸው እንደሆነ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ ውስጥ ሰው አይግባ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ከታች ይተኛል፤ የቆየ ደለል የሚያወጣው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ደግሞ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል። የአየር መውጫ ቱቦው ከብየዳና ከጄኔሬተር ርቆ ከሰው ቁመት በላይ ይውጣ። የግድ መግባት ካለ በጋዝ መለኪያ ይለካ፦ ኦክስጅን ከ19.5 እስከ 23.5 በመቶ፣ ተቀጣጣይ ትነት ከዝቅተኛው የመቀጣጠያ መጠን 10 በመቶ በታች፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ (ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ) ከ10 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 10 እጅ በታች። መሣሪያው ከሥራው በፊት እዚያው ግቢ በንጹሕ አየር ይስተካከል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ ባሕር ጠለል ላይ የተስተካከለ አንዳንድ መለኪያ የኦክስጅኑን ቁጥር ያሳንሳል። የሚገባው ሰው በቀበቶና በገመድ ይታሰር፣ ገመዱን የሚይዘው ላይ ይቁም፤ የወደቀ ሰው በገመዱ ይሳብ እንጂ ማንም ተከትሎት አይውረድ። በዚህ ዓይነት ጉድጓድ ከሚሞቱት ብዙዎቹ ለመርዳት የገቡት ናቸው።

የተመጠጠው ዘይት ውኃና አሸዋ የተቀላቀለበት ስለሆነ ለካሳፎርማ መቀቢያም ለምስጥ መከላከያም ብላችሁ ለሰው አትስጡ። በበርሜል፣ ከዝናብ በተከለለ ሊሾ ወለል ላይ፣ ከንጹሑ የተቃጠለ ዘይት ለይታችሁ አስቀምጡ። የወሰደው ማን እንደሆነ፣ ስንት ሊትር እንደሆነና ወዴት እንደሄደ የሚገልጽ ደረሰኝ ከዘንጉ ልኬት መዝገብ ጋር አብሮ ይቀመጥ።